የደጅ መቀመጫ እስከ ስንት ሰዓት? ለአንድ የመጠጥ ቤት ባለቤት የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ኡራኤል አካባቢ፣ ከዋናው ጎዳና ወደ ውስጥ በሚያስገባ መንገድ ላይ አነስተኛ መጠጥ ቤት አለኝ። በግቢዬ ደጅ ላይ አሥራ አራት ጠረጴዛ አውጥቼ እሠራለሁ። ከአጥሩ ማዶ፣ ከጠረጴዛዎቹ በአሥራ አምስት ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ባለ አራት ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ አለ። ነዋሪዎቹ ለወረዳው አቤቱታ አቅርበው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶኛል። እኔ ግን የውጭውን ስፒከር ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ አጠፋለሁ፤ በስልኬ ስለካውም ድምፁ 62 ዴሲቤል ብቻ ነው። የንግድ ፈቃዴ የታደሰ ነው፤ ሕንፃውም ቢሆን እኔ ሥራ ከጀመርኩ ከዓመታት በኋላ የተሠራ ነው። ዙሪያውን በሸራና በቀርከሃ ባጥረው እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት መሥራት እችላለሁ? ወይስ የውጭውን መቀመጫ ጨርሶ ማንሳት አለብኝ?»

ምላሽ፦ ሸራም ሆነ ቀርከሃ ቢያጥሩ በደጅ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት መሥራት አይችሉም። የውጭውን መቀመጫ ጨርሶ ማንሳትም ግዴታዎ አይደለም። ከሁለቱ መካከል ሊሠራ የሚችል መንገድ አለ፤ ይሁን እንጂ ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት በጥያቄዎ ውስጥ የተቀመጡ አራት ግምቶች መታረም አለባቸው፤ ምክንያቱም ለወረዳው የሚሰጡት መልስ በእነዚህ ላይ ከቆመ ጉዳይዎን ያበላሽብዎታል።

የመጀመሪያው የንግድ ፈቃዱ ጉዳይ ነው። የንግድ ፈቃድ በዘርፉ እንዲሠሩ የሚፈቅድ ሰነድ እንጂ ጎረቤት ላይ ድምፅ ለመልቀቅ የተሰጠ መብት አይደለም። ድምፅን በሚመለከት የሚገዛዎት ሌላ ሕግ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን እንደ ብክለት የሚቆጥርና ከፍተኛ የድምፅ ወሰን በደረጃ እንዲወሰን የሚያዝ ሲሆን፣ በዚሁ መሠረት የወጣው የአገሪቱ ደረጃ ለመኖሪያ አካባቢ በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል፣ ለንግድ አካባቢ ደግሞ በቀን 65፣ በሌሊት 55 ዴሲቤል ብሎ ይወስናል። እዚህ ላይ ብዙ ነጋዴ የሚስተው ነገር አለ፤ በዚህ ደረጃ መሠረት ሌሊት የሚጀምረው ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን የሚያበቃው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው። እርስዎ ስፒከሩን በ4 ሰዓት ማጥፋትዎን እንደ በጎ ፈቃድ ቆጥረውታል፤ በደረጃው ዓይን ግን በየምሽቱ አንድ ሰዓት ሙሉ በሌሊቱ ወሰን ውስጥ ሙዚቃ ሲያሰሙ ቆይተዋል። ከዚህ በተጨማሪ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት ከመልካም ጉርብትና ወሰን አልፎ ጎረቤትን እንዳያውክ ይከለክላል። ስለዚህ ነዋሪዎቹ አንድም የዴሲቤል ቁጥር ሳይዙ በዚህ አንቀጽ ሊከራከሩዎት ይችላሉ።

በዚሁ ነጥብ ላይ አንድ ግራ መጋባት ማጥራት ይገባል። የከተማው አስተዳደር በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት በታደሱ መስመሮች ላይ ያሉ የንግድ ቤቶች ቢያንስ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ክፍት ሆነው እንዲቆዩ የሚያስገድድ ደንብ ማውጣቱን ይዘው፣ «መንግሥት ራሱ አምሹ እያለን ጎረቤት እንዴት ይከሰናል» የሚሉ የመጠጥ ቤት ባለቤቶች አሉ። ደንቡ የሚናገረው በርን ክፍት ስለማድረግ ነው፤ የድምፅ ወሰኑን ከፍ አላደረገም። በር ከፍቶ ማምሸትና ደጅ ላይ ሃምሳ ሰው ማስጮህ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሁለተኛው «እኔ ቀድሜ ነበርኩ» የሚለው ክርክር ነው። ሰብዓዊ ስሜቱ ይገባኛል፤ ሰው ተቸግሮ ያቀናው ሥራ ላይ ትናንት የገባ ተከራይ ቅሬታ ሲያነሳበት ይከፋዋል። ሆኖም የድምፅ ደረጃው ሰንጠረዥ ማን ቀደመ ብሎ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በዚያ ስፍራ ዛሬ ምን ዓይነት አካባቢ አለ ብሎ ነው። የቀድሞነትዎ ጥቅም ያለው በሽምግልናና በድርድር ላይ ነው፤ ለዚያም ቢሆን በኋላ በምገልጸው መንገድ ካቀረቡት ብቻ ነው።

ኡራኤልን በመሰለ ቅይጥ ሰፈር የመኖሪያው ወሰን ነው የሚሠራው ወይስ የንግዱ? ደረጃው ኢንዱስትሪ፣ ንግድና መኖሪያ ብሎ በሦስት የከፈለ ሲሆን ቅይጥ የሚል ክፍል የለውም፤ መሃል አዲስ አበባ ግን ከሞላ ጎደል ቅይጥ ነው፤ ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ከላይ መኝታ ቤት። የእኔ ምክር ግልጽ ነው፤ ዕቅድዎን በ45 ላይ ይሥሩ፤ 55ን ደግሞ በምንም ምክንያት የማይታለፍ ጣሪያ አድርገው ይያዙት። ምክንያቱ ሕጋዊ ጥንቃቄ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው የማኅበረሰብ ድምፅ መመሪያ በመኝታ ቤት ውስጥ ከ30 ዴሲቤል በላይ የሆነ ድምፅ እንቅልፍ እንደሚያውክ አስቀምጧል፤ በከፊል የተከፈተ መስኮት ደግሞ ወደ 15 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል ተብሎ ይሰላል። ከመስኮቱ ውጭ 45 ከሆነ ከውስጥ 30 ይሆናል ማለት ነው። የ45 ቁጥር ከባዶ የመጣ አይደለም፤ መስኮቱን ገርበብ አድርጎ የተኛ ሰው እንዲተኛ የሚያስችል ቁጥር ነው።

ሦስተኛው በስልክ የለኩት 62 ዴሲቤል ነው። ስልክ በማይክሮፎኑና ድምፅን በራሱ በሚያስተካክልበት አሠራር ምክንያት በብዙ ዴሲቤል ሊሳሳት ይችላል፤ ለግምት ያህል ካልሆነ በቀር ማስረጃ አይሆንም። ከዚህ የሚብሰው ግን የለኩበት ቦታ ነው። ድምፁ መለካት ያለበት ተቀባዩ ዘንድ፣ ማለትም በነዋሪው መስኮት ላይ ነው፤ በተለይም በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ። ክላስ 2 የሚባለውን ዓይነት የድምፅ መለኪያ ያለው ባለሙያ ይቅጠሩና በአንድ መስኮት ላይ ሦስት ልኬት ያስወስዱ፤ አንዱ ቤቱ ዝግ በሆነበት ምሽት፣ ሁለተኛው ደጁ ሞልቶ ሳለ፣ ሦስተኛው ደንበኛ በሚወጣበት ሰዓት፤ እያንዳንዱም ቢያንስ የሩብ ሰዓት አማካይ ይሁን። የመጀመሪያው ልኬት እጅግ ያስፈልግዎታል። የዋናው ጎዳና ተሽከርካሪ ብቻውን መስኮቱ ላይ 50 ዴሲቤል የሚያደርስ ከሆነ 45ን ከእርስዎ ብቻ መጠበቅ ትርጉም አይኖረውም፤ በዚያን ጊዜ የሚታየው እርስዎ ምን ያህል ጨመሩ የሚለው ይሆናል። ቤትዎ ሲከፈት ልኬቱ በ3 ዴሲቤል ብቻ ከፍ ካለ፣ የእርስዎ ድምፅ ከአካባቢው ድምፅ ጋር እኩል ነው ማለት ነው። በ10 ከፍ ካለ ግን የሚሰማው እርስዎ ብቻ ነዎት።

አራተኛውና ዋናው ስህተት «ሙዚቃውን ካጠፋሁ ድምፅ የለም» የሚለው ነው። በደጅ መቀመጫ ላይ የሚነሳ አቤቱታ፣ ሙዚቃው ከጠፋ በኋላም የሚቀጥለው፣ ከሰው ጉሮሮ የሚወጣውን ድምፅ ማንም ስለማይቆጥረው ነው። እስቲ እንቁጠረው። አሥራ አራት ጠረጴዛ በአራት በአራት ሰው ሲሞላ ሃምሳ ስድስት ሰው ነው። በአንድ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ይናገራል ብንል አሥራ ስምንት ተናጋሪ አለ። ሞቅ ብሎት ከፍ ባለ ድምፅ የሚናገር ደንበኛ በአንድ ሜትር ርቀት 66 ዴሲቤል ገደማ ይደርሳል። ዴሲቤል እንደ ብር አይደመርም፤ የተናጋሪው ቁጥር በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በ3 ዴሲቤል ብቻ ይጨምራል፤ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ በ6 ይቀንሳል። ስለዚህ አሥራ ስምንቱ ተናጋሪዎች ወደ 12 ተኩል ይጨምራሉ፤ የአሥራ አምስት ሜትሩ ርቀት 23 ተኩል ይቀንሳል፤ መስኮቱ ላይ የሚደርሰው 55 ዴሲቤል ይሆናል። አንድም ስፒከር ሳይከፈት! ከጠረጴዛዎቹ ጀርባ ድምፅን ወደ ሕንፃው የሚመልስ የተለሰነ ግድግዳ ካለ እስከ 3 ዴሲቤል ይጨመርበታል።

አሁን ቁጥሩን እንቀይረው። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ደጁ ላይ ሃያ ሰው ብቻ ቢቀር ተናጋሪው ሰባት ገደማ ነው። እነዚህ ሰባት ሰዎች በተለመደ የጭውውት ድምፅ፣ ማለትም በአንድ ሜትር 60 ዴሲቤል ቢነጋገሩ፣ መስኮቱ ላይ የሚደርሰው 45 ዴሲቤል ነው። ከ55 ወደ 45 መውረድ ለጆሮ ድምፁ በግማሽ እንደቀነሰ ያህል ነው የሚሰማው። ልብ ይበሉ፣ ከቅነሳው ውስጥ 4 ዴሲቤሉ የመጣው ከሰው ቁጥር ማነስ ሲሆን 6ቱ የመጣው ሰዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ ከማድረጋቸው ነው። ታዲያ ሰው ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው እንዴት ነው? «እባክዎ ጎረቤት ያክብሩ» የሚል ማስታወቂያ በመለጠፍ እንዳልሆነ ያረጋግጡልኝ ዘንድ የትኛውንም የደጅ ቤት ይጎብኙ። ፈረንሳዊው የጆሮ ሐኪም ኤትየን ሎምባርድ በ1911 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ሰው በዙሪያው ያለው ድምፅ ሲጨምር ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ጠረጴዛ ሁሉ ከጎኑ ካለው ጠረጴዛ በላይ ለመሰማት ይጮኻል፤ ስፒከር ሲኖር ደግሞ ሁሉም ከስፒከሩ በላይ ይጮኻሉ፤ ስፒከሩ ሲጠፋም ሞቅታው የጀመረውን ጩኸት ይዞ ይቀጥላል። ስለዚህ የውጭ ስፒከር በ4 ሰዓት መጥፋት ያለበት ነገር አይደለም፤ ከመጀመሪያው መኖር የሌለበት ነገር ነው። ጠረጴዛዎቹን ማራራቅና በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ከስድስት ሰው በላይ እንዳይሰበሰብ ማድረግም ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ ድምፅን ያወርዳል።

ወደ ሸራውና ቀርከሃው እንምጣ። ድምፅን የሚያግደው ክብደትና ክፍተት አልባነት ነው። ሸራ ነፋስና ዝናብ ይከለክላል፤ ድምፅ ግን እንደሌለ ያህል ያልፈዋል። ቀርከሃ፣ የአበባ ማሰሮ፣ የተተከለ ዛፍ ሁሉ ዓይንን ይጋርዳሉ እንጂ ጆሮን አይጋርዱም። አዝናኙ ነገር፣ ደጁ ላይ ያለው ሰው ለጎረቤቱ የማይታይ ሲሆን አንዳንድ ጊዜ ቅሬታው ለጥቂት ሳምንታት ጋብ ይላል፤ ይህ ግን ድምፁ ስለቀነሰ አይደለምና አይታመኑበት። የቆርቆሮ ጣሪያ ደግሞ ከነጭራሹ ያባብሳል፤ ወደ ሰማይ ሊሄድ የነበረውን ድምፅ መልሶ ወደ ጎን ይወረውረዋል። በእውነት የሚሠራ አጥር በብሎኬት ወይም ቢያንስ በካሬ ሜትር አሥር ኪሎ የሚመዝን ቀዳዳ የሌለው ጣውላ ወይም ወፍራም መስታወት ሲሆን፣ ተናጋሪውንና መስኮቱን እንዳይተያዩ ካደረገ ወደ 5 ዴሲቤል፣ ከዚያም ከፍ ካለ የበለጠ ይቀንሳል። ነገር ግን የሁለት ሜትር አጥር የሚጠቅመው ምድር ቤቱንና ምናልባትም አንደኛውን ፎቅ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ፎቅ አጥሩን አሻግሮ ጠረጴዛዎን ቁልቁል ያያል፤ የሚያይ ሁሉ ይሰማል። አቤቱታውን የፈረሙት የየትኛው ፎቅ ነዋሪዎች እንደሆኑ ሳያውቁ ለአጥር አንድ ብር እንኳን አያውጡ።

ገንዘብ ማውጣት ካለብዎ ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው። ከሁሉ በፊት ጠረጴዛዎቹን ከሕንፃው በሚርቀው የግቢው ጫፍ ያስቀምጡ፤ ርቀቱን ከአሥራ አምስት ወደ ሃያ አምስት ሜትር ማሳደግ ከቻሉ ያለ አንዳች ወጪ 4 ዴሲቤል ተኩል ገደማ አተረፉ። ቀጥሎ ቤትዎ ራሱ ጋሻ እንዲሆንልዎ ያድርጉ፤ መቀመጫው ከቤቱ በስተኋላ ሆኖ ቤቱ በመካከል ቢቆም፣ ከየትኛውም ከሚገነቡት አጥር ይበልጣል። ከዚያ በኋላ የጣሪያውን ሥርና የጀርባውን ግድግዳ ድምፅ በሚመጥ ነገር፣ ለምሳሌ በጨርቅ በተሸፈነ የድንጋይ ሱፍ፣ ያልብሱ። የወንበርና የጠረጴዛ እግር ላይ ጎማ ማድረግ እጅግ ርካሽ ሥራ ነው፤ በሴራሚክ ላይ የሚጎተት ብረት ወንበር ድምፁ ከሁለት ሰው ጭውውት ይልቅ ይቀሰቅሳል። መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጄኔሬተር በሕንፃው በኩል ከቆመ ቦታውን ይለውጡ፤ ማርሚታውንም ያስፈትሹ። ከአሁኑ አቤቱታ ተነጥሎ የሚታይ ነገር ስላልሆነ ነው ያነሳሁት።

የውስጡን ሙዚቃ በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ነዋሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚያማርሩት «ዱም ዱም» የሚለውን የባስ ድምፅ ነው። ባስ ሞገዱ ረጅም ስለሆነ በግድግዳም በመስኮትም በቀላሉ ያልፋል፤ በተለመደው ኤ ሚዛን፣ ማለትም የሰውን ጆሮ ስሜት በሚከተል አለካክ፣ የሚለካ መለኪያ ደግሞ ባስን አሳንሶ ያሳያል፤ ስለዚህ ልኬቱ ወሰኑን ያሟላ ሆኖ ሳለ ሰው ሊተኛ የማይችልበት ሁኔታ ይፈጠራል። ሳብዉፈሩን፣ ማለትም የባሱን ስፒከር፣ ከወለሉ ላይ አንስተው ወፍራም ጎማ ላይ ያስቀምጡ፣ ባሱን ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ያውርዱ፣ ዲጄው ወይም አስተናጋጁ ከተወሰነ መጠን በላይ ከፍ እንዳያደርግ ሊሚተር ያስገጥሙ። መግቢያው ላይ ሁለት በር በመደዳ ቢኖር አንዱ ሲከፈት ሌላው ዝግ ይሆናል፤ አስተናጋጅ ሳህን ይዞ በወጣ ቁጥር ሙዚቃው ወደ ሰፈሩ አይፈስም።

አማካይ ልኬት የማይነግርዎ ሌላ ነገርም አለ። እንቅልፍን የሚሰብረው ብዙ ጊዜ የማያቋርጥ ድምፅ ሳይሆን ድንገተኛው ነው፤ የባዶ ጠርሙስ ወደ ሳጥን መወርወር፣ የሳቅ ፍንዳታ፣ የመኪና በር፣ የፓርኪንግ ሠራተኛ ፉጨት፣ ከበር ላይ ቆሞ «አንድ ለመንገድ» እየተባባሉ ለሃያ ደቂቃ መሰነባበት። ባዶ ጠርሙስ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ከቤት ውጭ አይነካ፤ ውስጥ ተቀምጦ ጠዋት ይውጣ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 በቤት ውስጥ፣ እንዲሁም ከበርና ከመስኮት በአሥር ሜትር ክልል ማጨስ የተከለከለ በመሆኑ፣ ደጁን ሲዘጉ አጫሾች ወደ መንገዱ እንደሚወጡና በነዋሪዎቹ መስኮት ሥር ሊሰበሰቡ እንደሚችሉ አስቀድመው ያስቡበት፤ ከሕንፃው የራቀ አንድ ቦታ ለይተው ያሳዩአቸው። ጥበቃዎ የሚቀጠረው ሌባ ለመከላከል ብቻ ሳይሆን የሚወጣውን ሰው በትህትና ወደ ታክሲው ለመሸኘትም ጭምር እንደሆነ ይንገሩት።

እንግዲህ ሰዓቱ ይህ ነው። ከእሑድ እስከ ሐሙስ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ለሕንፃው የሚቀርቡት ጠረጴዛዎች ይነሱና ደጁ ላይ ከሃያ ሰው የማይበልጥ ይቅር፤ በ3 ሰዓት ተኩል የውጭ ትእዛዝ ይቁም፤ በ4 ሰዓት ደጁ ባዶ ይሁን፤ ወንበሮቹም ሳይጎተቱ ተነሥተው ይግቡ። ዓርብና ቅዳሜ የመጨረሻውን ሰዓት ወደ 5 ማራዘም የሚችሉት የሃያ ሰው ልክ ተጠብቆ መስኮቱ ላይ የተወሰደው ልኬት የሚፈቅድ ከሆነ ብቻ ነው። የውስጡ ሥራ በር ተዘግቶ እንደ ተፈቀደልዎ ሰዓት ይቀጥል። ትእዛዝ ከሚቆምበትና ደጁ ከሚለቀቅበት ሰዓት መካከል ግማሽ ሰዓት መኖሩን አይናቁት፤ በ4 ሰዓት ትእዛዝ አቁሞ በ4 ሰዓት ማስወጣት የሚሞክር ቤት ደንበኛውን ከማስቀየሙም በላይ ሰው ድራፍቱን ይዞ እየተከራከረ እስከ 5 ይቆይበታል። ሂሳቡ በ3 ሰዓት ተኩል ላይ ይቅረብ፤ መቀጠል የሚፈልገውንም አስተናጋጁ ራሱ ብርጭቆውን ይዞ ወደ ውስጥ ያሻግረው።

የእግር ኳስ ምሽቶች የተለየ ችግር ናቸው። የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ዋነኛ ጨዋታዎች በአውሮፓ የክረምት ወራት በእኛ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተጀምረው ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ ያልቃሉ፤ በበጋቸው ሰዓታቸውን ሲያዞሩም ቢሆን የሚጀምሩት በ4 ሰዓት ነው። ስክሪን ደጅ ላይ ማውጣት ለማንኛውም የሌሊት ጨዋታ አይሞከር። ጎል ሲገባ የሚነሳውን ጩኸት የሚቆጣጠር ሰዓትም ደንብም የለም።

ወቅቱም ይለያያል። ክረምት ላይ ዝናቡ ራሱ ደንበኛውን ወደ ውስጥ ስለሚያስገባው ችግሩ በአብዛኛው ከመስከረም እስከ ሰኔ ያለው ነው። በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ጥርት ባሉ ቀዝቃዛ ሌሊቶች ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ከላይኛው ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ ድምፅ ወደ ላይ ከመበተን ይልቅ ወደ ምድር ይታጠፋል፤ መቶና ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ከሚገኝ ቤት ያልጠበቁት ቅሬታ ሊመጣ የሚችለው በእነዚህ ወራት ነው። ለእርስዎ የአሥራ አምስት ሜትር ጎረቤት ግን ይህ ለውጥ አያመጣም፤ ለእርሱ ወሳኙ ተሽከርካሪ ጋብ ሲል የእርስዎ ድምፅ ብቻውን ጎልቶ መቅረቱ ነው። በ2 ሰዓት ያልተሰማው ያው ሳቅ በ5 ሰዓት የሚቀሰቅሰው ለዚህ ነው።

ነዋሪዎቹን በተመለከተ፣ ለአቤቱታ ፈራሚዎቹ በግል እየደወሉ ወይም ድራፍት እየጋበዙ ለማባበል አይሞክሩ፤ አንዱ ሲለዝብ ሌላው ይመርራል፤ ነገሩም ጉቦ ይመስላል። የሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ ወይም የሰፈሩ ዕድር ካለ በእርሱ በኩል አንድ ስብሰባ ይጠይቁ፤ ይዘው የሚሄዱት ግን ይቅርታ ብቻ ሳይሆን ከላይ ያለውን የሰዓት ሰንጠረዥና የልኬቱን ውጤት በወረቀት ይሁን። ቀደም ብለው በሰፈሩ መኖርዎ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ «ቀድሜ ነበርኩና ቻሉኝ» ከማለት ይልቅ «ከእናንተ ጋር መኖሬን እቀጥላለሁና የምችለውን ላሳያችሁ» ማለት ሽማግሌ ፊት ይሰማል። በስምምነቱ ውስጥ በሰኔ የልጆች ፈተና ሰሞን የዓርብና የቅዳሜው ተጨማሪ ሰዓት እንደሚቀር፣ በዓመት ውስጥ በየትኞቹ የበዓል ዋዜማዎች ደግሞ ነዋሪው አንድ ሰዓት እንደሚታገስ በግልጽ ይጻፍ። በምሽቱ የሚመልስ አንድ የስልክ ቁጥርም ይስጧቸው፤ ስልኩን የሚያነሳው ግን በሥራ ላይ ያለው ኃላፊ እንጂ ቤቱ የተኛ ባለቤት መሆን የለበትም። በስብሰባው ላይ «የቤተ ክርስቲያኑና የመስጊዱ ድምፅ ማጉያስ?» የሚል ሰው ከእርስዎ ወገን ቢነሳ ያስቀምጡት። ጥያቄው ለብቻው ሊነሳ የሚችል ጥያቄ ነው፤ የእርስዎን ዴሲቤል ግን አንድም አይቀንስም፤ ስብሰባውን ግን በእርግጠኝነት ይበትናል።

ለወረዳው ደብዳቤ በተሰጠዎት ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ይመልሱ። መልሱ ውስጥ የውጭ ስፒከሩ መነሣቱን፣ አዲሱን የሰዓት ሰንጠረዥ፣ ልኬቱ የሚካሄድበትን ቀን ይግለጹ፤ ልኬቱም የክፍለ ከተማው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ በተገኘበት እንዲሆን ይጠይቁ፤ ለብቻዎ ያስወሰዱት ልኬት ሁልጊዜ ይጠረጠራል። ጠረጴዛዎ በከፊል ከግቢዎ ወጥቶ የእግረኛ መንገድ ከነካ ከዚህ ደብዳቤ በፊት ያስገቡት፤ እርሱ የድምፅ ሳይሆን የደንብ ማስከበር ጉዳይ ነው፤ ሁለቱ ሲደረቡብዎ ግን ማንም ለይቶ አያይልዎትም። ዝምታን አይምረጡ። በአዋጅ 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት ማንኛውም ሰው የራሱ ጥቅም መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ ደግሞ በ60 ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ማለትም ወረዳው ደብዳቤውን ቢረሳው እንኳን ጉዳዩ አልሞተም።

የዚህ ሁሉ ወሰን የት እንደሆነም ይወቁ። ከላይ የሠራሁት ስሌት የርቀትና የሰው ቁጥር ስሌት ነው፤ የግቢዎን ግድግዳ፣ የሕንፃውን በረንዳና የመንገዱን ጥበት ያላየ ነውና ከልኬቱ በ3 ወይም በ4 ዴሲቤል ሊለያይ ይችላል። ሰንጠረዡን ለስድስት ሳምንት ከሠሩበት በኋላ ሃያ ሰው ባለበት ደጅ መስኮቱ ላይ የተለካው አሁንም ከአካባቢው ድምፅ በ5 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ፣ የደጁ መዝጊያ ዓርብና ቅዳሜን ጨምሮ ምሽቱ 3 ሰዓት ይሁን፤ ለአጥርና ለጣሪያ ሊያወጡ ያሰቡትንም ገንዘብ የውስጡን ክፍል ለማስፋት ያውሉት።